ማሽኑ የሚያውቀው ቀን

የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር አገራችንን አያውቃትም ነበር። ለቀልድ አይደለም የምለው። ማሽኑ ገና ሲተከል ውስጡ ካለ ሰንጠረዥ አንድ አገር ይመረጥለታል፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩንም፣ ገንዘቡንም፣ ቀኑንም የሚጽፈው በዚያ አገር ደንብ ነው። አገሮቹ የሚታወቁት በስልክ ኮዳቸው ስለሆነ እኔም የኛን፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድን፣ መታሁለት። ጥቁሩ መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቅ አለና እንዲህ ያለ አገር የለም አለኝ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ መታሁ። የለም አለ። ሊተክል የመጣው ፈረንጅ ትከሻውን ሰበቀና የራሱን አገር መርጦለት ሄደ።

ጊዜው የሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መግቢያ ነው። ሥራችን ጦር ሜዳ ያሉ ወታደሮች ከደመወዛቸው ለቤተሰብ የሚተዉትን ገንዘብ፣ ተቆራጭ የሚባለውን፣ ማስላት ነበር። ለየቤተሰቡ በየወሩ መዳፍ የማትሞላ ወረቀት ትታተማለች፤ የወታደሩ ስም፣ የብሩ ልክ፣ ቀን። እናት ወይም ሚስት ያቺን መስኮት ላይ አሳይታ ብሩን ትቀበላለች። ከዚያ በፊት ይኼ ሁሉ በጽሕፈት መኪና ይሠራ ነበር፤ ቢዘገይም ሰው አያስደነግጥም።

የዚያ ፈረንጅ አገር ሰዎች ብርን ከሳንቲም የሚለዩት በነጠላ ሰረዝ ኖሯል፤ ሺህን ከመቶ ደግሞ በነጥብ። እኛ የምናደርገውን ገልብጠው ማለት ነው። በመጀመሪያው ወር ሰባ አምስት ብር «75,00» ሆኖ ወጣ። ሰልፉ ላይ አንዷ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር መጣልኝ ብላ እልል ስትል ሌሎቹም ወረቀታቸውን እያዩ ተቀበሏት። ገንዘብ ያዡ መስኮቱን ዘግቶ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ኃላፊያችን፣ ካኪውን እሑድ እንኳ የማያወልቅ ሰው፣ አስጠራኝና፣ «ይኼን ማሽን ኢትዮጵያዊ አድርጊልኝ» አለኝ። የፕሮግራም ኮርስ የወሰድኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጣጣው እኔ ላይ ወደቀ።

ሰረዝና ነጥቡ ቀላል ነበር። ዓመት ሙሉ ያንገላታኝ ቀኑ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ሁሉን ይረሳል፤ መብራት የማይጠፋበት ሳምንት ደግሞ አልነበረም። ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀኑን ነው። ካልነገሩት ሁሌም ከአንድ ቀን ይነሳል፤ «01.01.80»። በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ለሱ ዓለም የተፈጠረችው ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረ ቀን ቢነግሩት አይቀበልም። ኦፕሬተሮቹ የዕለቱን ቀን በኛ አቆጣጠር፣ ሰባ ዘጠኝ ብለው ሲመቱለት፣ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላቸዋል። እንግዲያው የፈረንጁን ቀን ምቱለት ብላቸው ኃላፊው ጣልቃ ገባ። «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት በፈረንጅ ቀን አይሠራም!» አለ። ምን ይደረግ? ጥያቄውን በባዶው ማለፍ ጀመሩ። የኔ ፕሮግራም እስኪያልቅ ድረስ ወረቀቱ ሁሉ «01.01.80» ተብሎ እንዲታተም ተወሰነ።

ቤቴ ቀበና ወንዝ ዳር፣ በአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ የተከራየኋት ክፍል ነበረች። እማማ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ እሱም በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው። እኔ የወለጋ ልጅ፣ ጴንጤ፤ እሳቸው የቀበና ሰው፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ሳይሳለሙ ወር የማያልፋቸው። ሲያከራዩኝ «ማርያምን አትንኪብኝ እንጂ እንደ ወደድሽ ሁኚ» ብለውኛል። በዚያ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየሰዉ ሳሎን ነበር የምንሰበሰበው። ስንዘምር ድምፅ አናወጣም፤ ከንፈራችን ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ ራሴ አንዳንዴ ቀና ብዬ ያን ሁሉ ዝም ብሎ የሚከፈትና የሚዘጋ አፍ ሳይ እፈራ ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌው ጥበቃ በር አንኳኩቶ፣ ይቺ ልጅ ማን ናት፣ ማታ ማታ የት ነው የምትሄደው ብሎ ጠየቀ። እማማ ዓይናቸውን ሳያሹ፣ «የእህቴ ልጅ ናት፤ ምን አገባህ?» አሉት። ሰውየው እዚያው ሰፈር ያደገ ነው፤ እማማ እህት እንደሌላቸው ጠንቅቆ ያውቃል። ጥቂት አተኩሮ አየኝና ሄደ። እንዲህ ነው የእህታቸው ልጅ የሆንኩት።

የልጃቸው ደብዳቤ ከተቋረጠ ዓመት አልፎት ነበር። ተቆራጩ ግን አልተቋረጠም፤ በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ሲሞት ለእናት መርዶ የሚነግር አልነበረም። ወረቀቷ ብቻ ሳትመጣ ትቀራለች። መስኮት ላይ «አልመጣም፣ በሚቀጥለው ወር ይመለሱ» ይላሉ፤ በሚቀጥለውም ያው ነው፤ በኋላ እናትየው ራሷ መምጣት ትተዋለች። እማማ ስለዚህ የሚጠብቁት ብሩን አልነበረም። ወረቀቷ ከመጣች ልጃቸው አለ፤ ከቀረች የለም። የሳቸውን ከመሥሪያ ቤት ይዤላቸው የምመጣው እኔ ነበርኩ። ከእጄ ተቀብለው ጡታቸው ሥር እስኪሸጉጧት ድረስ ፊታቸውን ማየት አልወድም።

ያ ቀን መታተም በጀመረበት ወር ወረቀቷን ስሰጣቸው እንደ ልማዳቸው ራሳቸው አነበቡ። ፊደልና ቁጥር የለዩት በእርጅናቸው፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሌላ ሰው እንዲያነብላቸው ከቶ አይፈቅዱም። ስሙ በላቲን ፊደል ስለሚታተም እሱን ይዘሉታል። ቁጥሩን ግን በጣታቸው እየተከተሉ አንድ በአንድ ያወጡታል። ብሩን አለፉና ቀኑ ላይ ቆሙ።

«ዜሮ አንድ... ዜሮ አንድ... ሰማንያ» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። «መስከረም አንድ፣ ሰማንያ። የሚመጣው እንቁጣጣሽ፤ ልጄ የሚገባበት ቀን ነው!»

በኛ ሲነበብ ልክ ናቸው። ቀን አንድ፣ ወር አንድ፣ ዓመት ሰማንያ። ጠዋት ማታ ሳየው የከረምኩት ቁጥር ገና ያኔ መልኩን አሳየኝ።

«እማማ፣ ስህተት ነው። ማሽኑ የጻፈው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ያውም ያለፈ።»

«ያን ያህል ብር የወጣበት ማሽን ይሳሳታል?»

«መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። ሲነቃ ይቺን ቀን ብቻ ነው የሚያውቃት።»

«ጨለማ ውስጥ ሆኖ ያያት ቀን ነቻ።»

«አያይም፣ እማማ! ከሰማንያ በፊት ያለውን ቀን አልቀበልም ስለሚል እኮ ነው።»

ወረቀቷን አጣጠፉና ጡታቸው ሥር ሸጎጧት። «እኔም አልቀበልም» አሉ፤ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

በሚቀጥለው ወርም «01.01.80» መጣ። ከዚያ በኋላ ባለውም። ወሩ ይለወጣል፣ ቀኑ ያው ነው። እማማ ወረቀቶቹን አልጋ ላይ ደርድረው እየነካኩ፣ «አየሽ፣ ቃሉን አያጥፍም» ይሉኛል። እኔም በየጊዜው አስረዳለሁ፤ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነ። አንዳንዴ እናደድና ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ያኔ ሕፃን እንደሚያባብሉ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል።

ነገሩ የሳቸው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እማማ በየወሩ በዐሥራ ስድስት፣ በኪዳነ ምሕረት ቀን፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል አድርገው እንጦጦ ይወጣሉ። እዚያ ልጃቸው ጦር ሜዳ ያለ እናቶች ከባሕር ዛፉ ሥር ይቀመጣሉ። እማማ ወረቀታቸውን አሳዩ። ሌላዋም አውጥታ አየች፤ ያው ቀን። ሦስተኛዋም። የሁሉም ልጆች አንድ ቀን ተቀጥሮላቸዋል። በጥር አጋማሽ ከቀበና እስከ እንጦጦ አናት ያለች የወታደር እናት ሁሉ፣ መንግሥት በምስጢር የያዘውን ማሽኑ አወጣው፣ ልጆቻችን ለእንቁጣጣሽ ይገባሉ ትል ነበር። ጮክ ብሎ ያወራ የለም። በሹክሹክታ ነው፤ ቀበሌ እንዳይሰማ።

ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤት ስገባ ማሽኑን በደህና ዓይን ማየት አቃተኝ። ክፍሉ የድሮ ሹም ቤት ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ በጣውላ ተመትቷል፣ በጋውንም ይበርዳል። እኩለ ቀን ላይ መብራት ድርግም ሲል የማሽኑ ትንፋሽ ቀስ እያለ ይሞታል፤ ከዚያ ከቤቱ ሥር የሚያልፈው ወንዝ ይሰማል። መብራቱ ሲመለስ ከጨለማው መጀመሪያ የምትወጣው ያቺ ቀን ነች። ከጎኗ ጭረት ብልጭ ድርግም እያለች መልስ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ለሙከራ የእናቶቹን እንቁጣጣሽ በኛ አቆጣጠር መታሁለት፤ ቀን አንድ፣ ወር አንድ፣ ሰማንያ። ሰባ ዘጠኝን ዓመት ሙሉ ሲተፋ የኖረው ማሽን ያቺን ያለ አንድ ቃል ዋጣት። ምክንያቱን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ።

ፕሮግራሙን ክረምቱን ሙሉ ሠራሁ። ዓመት ዐሥራ ሦስት ወር እንዳለው ለማሽን ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበትን ዓመት ለመንገር ብቻ ሳምንት ፈጀብኝ። ብር በነጥብ፣ ሺህ በሰረዝ፣ ቀን በኛ። ከመስከረም ጀምሮ በዚሁ እንዲሠራ ተባለ። ለኃላፊው ናሙና ሳሳየው ግን አንድ ነገር ጠየቀ።

«ተቆራጩ የቆመበት ወታደር ወረቀት ላይ ምን ይጽፋል?»

«ምንም። ለሱ ወረቀት አይታተምም።»

«የለም፣ ለሁሉም ይታተም። ያልታተመ ወረቀት የአሻጥር በር ነው።»

«ታዲያ የብሩ ቦታ ባዶ ይሁን።»

«ባዶ ቦታ ላይ ማንም ቁጥር ይጽፍበታል። ዜሮ ይግባ። ዜሮ፣ ነጥብ፣ ዜሮ ዜሮ።»

የሒሳብ ሰው ነው፤ ለሒሳብ ትክክል ነው። እኔ ግን መስኮት ላይ የሚቆሙትን አሰብኩ። እስከዚያ ድረስ ሞት ባዶ ቦታ ነበር፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ተስፋ ይይዛል። ይህንን ብነግረው «ስሜታዊ አትሁኚ» አለኝ፤ ከክርክር በኋላ እንደታዘዘው ሆነ።

ጳጉሜ ገባች። እማማ የልጃቸውን አልጋ ፀሐይ አወጡት፣ ፍራሹን አራገፉ፣ ጫማውን ቀለም ቀቡት። የልጁ ፎቶ ሳሎኑ ውስጥ ከአልጋው በላይ ተሰቅሏል፤ አጭር፣ ጠይም፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት። «ነገ እንዳትጠፊ፤ ልጆቹን የምንቀበለው እንጦጦ ነው፣ አብረን ነው የምንወጣው» አሉኝ በዋዜማው። ወንድ ልጅ ሲመጣ የእህት ልጅ መቅረት አይገባትም ማለታቸው ነው። አልሄድም ልል አስቤ ነበር። ግን ያን ቀን እንዲያልፉት አብሯቸው የሚቆም ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፤ ስለዚህ ሄድኩ።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት የማታው ችቦ ጭስ ገና ከሰፈሩ አልለቀቀም። ሽቅብ ስንወጣ ጉም ወረደብን። ከባሕር ዛፉ ቅጠል ውሃ ይንጠባጠባል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው ዳገት ላይ ስንደርስ ደነገጥኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ጉሙ እስከሚውጣቸው ድረስ፣ ሴቶች ቆመዋል። ነጠላ የለበሱ፣ ዝም ያሉ። ሰላምታ እንኳ የሰጠን የለም፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቦታ ለቀቁልን። አንዳንዷ ወረቀቷን በእጇ ይዛለች። እማማ ከመጨረሻዎቹ ጋር ቆሙ፤ እኔም ከጎናቸው። እግሬ እስኪደነዝዝ ቆምን።

መጀመሪያ የተሰማው እንጨት ነው። እንጨት ድንጋይ ሲመታ፤ ቋ፣ ከዚያ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ እንደገና እንጨት። የሚመጣው ከከተማው በኩል አይደለም። ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ ነው። ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ወታደር ነው። ካፖርቱን ደርቧል፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ በክራንች ይወርዳል። ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ደርቆ ቆመ።

የመጀመሪያዋ ሴት ወደሱ ተራመደች፣ ፊቱን አየች፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሁለተኛዋ አየች፣ ተመለሰች። እንዲህ እንዲህ እያለ በመካከላቸው ወረደ፤ እያንዳንዷ በተራዋ ዓይኑን እያየች ስትለየው ፊቱ አመድ መሰለ። ረዥም ነው፣ ቀይ ነው፣ ጥርሱ ግጥም ያለ ነው። እማማ ዘንድ ደረሰ። አሁን ያዩታል፣ አሁን ይወድቃሉ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

እማማ ረዥም ጊዜ አዩት። ክንዳቸውን ከእጄ ቀስ ብለው አወጡና ነጠላቸውን ገፈው ትከሻው ላይ ጣሉለት።

«ዘገየህ» አሉት።

«እናቴ፣ እኔ እኮ ለጸበል...»

«ብርድ ነው። ቤት ገብተህ ታወራለህ።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ፣ እማማን ሳሙ፣ «እንኳን ደስ አለዎት» አሉ። ወታደሩንም ሳሙት። እልል ያለች ግን አልነበረችም። ከዚያ ወረቀታቸውን እየሸጎጡ በጉሙ ውስጥ ወደየቤታቸው ሄዱ። ከመካከላቸው ያለቀሰች አላየሁም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ወታደሩ ቤት ገብቶ እዚያው ፎቶው ሥር፣ የልጁ አልጋ ላይ ተኛ። በማግስቱ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ አልሄደም። እማማ እግሩን በሙቅ ውሃ ያጥቡለታል፣ ከጎናቸው አስቀምጠው ያጎርሱታል። አነጋገሩ የወሎ መሆኑን ጎረቤት ሲያነሳባቸው፣ «ጦር ሜዳ ስንት ዓይነት ሰው አለ፤ አፉ ተለወጠ» ይላሉ። ስለ ቁመቱ ያነሳ አልነበረም። የቀበሌው ጥበቃም እንግዳ መግባቱን ሰምቶ መጣ። ልጅየውን ከሕፃንነቱ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሁለቱ አብረው ኳስ ተራግጠዋል። ወታደሩን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየ። «እንኳን በደህና ገባህ» አለውና ቆቡን አድርጎ ወጣ። እኔ ያን ሰው ዓመት ሙሉ ስጠላው ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን ተከትዬ እጁን ልጨብጠው ምንም አልቀረኝም።

አንድ ቅዳሜ ከቧንቧው አጠገብ ብቻችንን ተገናኘን። ልብሴን አጥባለሁ፤ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ልነግራቸው ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ መሰለሽ» አለኝ። «በድርቁ ጊዜ ከቀዬዬ የተረፈኝ ሰው የለም። ከሆስፒታል ስወጣ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ያን ያህል እናት መንገድ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ... ሞቼ ይሆን እንዴ አልኩ።»

«አሁንስ?»

ሳቅ አለ። «አሁን ስሜ ማን እንደሆነ አላውቅም። እሳቸውም ጠርተውኝ አያውቁም።»

እውነቱን ነው። ልጄ ይሉታል፣ አባቴ ይሉታል፣ አንተ ልጅ ይሉታል፤ በልጃቸው ስም ግን አንድም ቀን አልጠሩትም። ስሙን ልነግረው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት። ስም የምታወጣ እናት ናት።

የመስከረም ወረቀቶች የወሩ መጨረሻ ላይ፣ አርብ ዕለት፣ በኔ ፕሮግራም ታተሙ። ከማተሚያው ሥር ቆሜ አየኋቸው። ብሩ በነጥብ፣ ቀኑ በኛ፤ «28.01.80»። ኃላፊው ደስ ብሎት ትከሻዬን መታኝ። አገራችንን ማሽኑ በመጨረሻ አወቃት። የእማማ ወረቀት ስትወጣ ግን ብሩ ያለበት ቦታ ላይ «0.00» አለ።

ከእጄ ብትጠፋስ ብዬ አሰብኩ። ብትጠፋ ሰኞ ራሳቸው መስኮት ላይ ይሰለፋሉ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይነገራቸዋል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት ወጣሁ። ከቀበናው ድልድይ እስከ ግቢያችን ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን አጥሮብኝ አያውቅም።

እማማና ወታደሩ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ወረቀቷን ሰጠኋቸው። እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን አስቀደሙ፤ ስሙን ዘለሉ፣ ቁጥሩ ላይ ደረሱ። ጣታቸው በዜሮዎቹ ላይ አንድ ጊዜ አለፈ። ተመልሶ እንደገና አለፈ። ከዚያ ቆመ። መሠረተ ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማራቸው ዜሮን ነው።

ወንዙ ይሰማል።

እማማ ወረቀቷን ወደ ወታደሩ ዘረጉ። «አንብብልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል» አሉት። በሕይወታቸው ሰው አንብብልኝ ሲሉ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማኋቸው።

ተቀበላቸው። ብሩን አየ። ወታደር ነው፣ ዜሮ ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝና ራሱን በጣም በቀስታ ነቀነቀ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ወረቀቱ አናት ወጣ። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ የላቲኑን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ጨርሶ ደግሞ ከመጀመሪያው።

«ምን ይላል?» አሉ እማማ።

«ቀኑን አስተካክለውታል። መስከረም ሃያ ስምንት ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም፣ እማዬ። ስሜ ብቻ ነው ያለበት።»

እማማ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ ወደ ቤት ገቡ። የሳህን ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ከውስጥ ሆነው፣ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰበረ፤ እንደገና ጠሩት። «ና፣ ምሳህ ቀርቧል።»

ወታደሩ ወረቀቷን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት፤ ክራንቹን አነሳ።

«አቤት እማዬ» አለ፣ ገባ።